ለአዲስ አበባ ዙሪያ አንድ የሙቀት ቁጥር አይበቃም

ለተከበረው የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጋዜጣችሁ በየዕትሙ የሚያወጣውን የአየር ሁኔታ ዓምድ ሳላነብ የማላልፍ አንባቢ ነኝ። በዓምዱ የከተሞች ስም በተርታ ይሰፍርና በእያንዳንዱ ትይዩ የሌሊቱ ዝቅተኛና የቀኑ ከፍተኛ የሙቀት መጠን ይቀመጣል። አዲስ አበባም እንደ ሌሎቹ ሁሉ አንድ መስመርና ሁለት ቁጥሮች አሏት። ቁጥሮቹ የተለኩበትን ቦታ በትክክል እንደሚገልጹ አልጠራጠርም። ነገር ግን ከእንጦጦ ማዶ በሱሉልታ ሜዳ ድንች የተከለው ገበሬ፣ በለገጣፎ ተዳፋት ላይ አዲስ ቤት የሠራው ነዋሪ፣ በኮዬ ፈጬና በቱሉ ዲምቱ የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች ልጆቿን በማለዳ አልብሳ ወደ ትምህርት ቤት የምትልከው እናት፣ በአቃቂ ወንዝ ዳር አትክልት የሚያለማው ወጣት ሁሉም ያንኑ አንድ መስመር አንብበው ለሌሊቱ እንዲዘጋጁ መተዋቸው ተገቢ አይመስለኝም። የምጽፍላችሁም የከተማዋ ዙሪያ እንደ ከፍታው፣ እንደ ተዳፋቱና እንደ ረባዳው የተለያየ ሙቀት ያለው መሆኑ በዓምዳችሁ ቦታ እንዲያገኝ ለመጠየቅ ነው።

የነገሩ መነሻ ከፍታ ነው። የእንጦጦ ሰንሰለት ጫፍ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ያልፋል፤ የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ በ2,334 ሜትር ላይ ይገኛል፤ ወደ ደቡብ ሲወረድ አቃቂ 2,100 ሜትር ገደማ ነው። ከእንጦጦ አናት እስከ አቃቂ በቀጥታ ቢለካ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ በዚህች አጭር ርቀት መሬቱ ወደ 1,000 ሜትር ያህል ይወርዳል ማለት ነው። አየር ወደ ላይ በወጣ ቁጥር የሚጫነው ግፊት ስለሚቀንስ ይለጠጣል፤ ሲለጠጥም ይቀዘቅዛል። ደረቅ አየር በየ100 ሜትሩ 1 ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል ሲያጣ፣ እርጥበት ጠግቦ ደመና የሚሠራ አየር ግን ተኑ ወደ ውኃ ሲለወጥ ሙቀት ስለሚለቅ የሚያጣው ከዚያ ያነሰ ነው፤ በአማካይ በየ1,000 ሜትሩ 6.5 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል ተብሎ ይሰላል። ስለዚህ በአቃቂ ከቀትር በኋላ 25 ዲግሪ በሆነበት ሰዓት በእንጦጦ አናት 19 ቢሆን የሚያስገርም አይደለም።

አባቶቻችን አገሩን ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋና ውርጭ ብለው የከፈሉት ይህንኑ አስተውለው ነው። ወይና ደጋውና ደጋው የሚለያዩበት ወሰን በተለምዶ ከ2,300 እስከ 2,400 ሜትር ባለው ከፍታ ላይ ስለሚሰመር፣ መስመሩ የሚያልፈው በከተማዋ መካከል ነው። ከመስመሩ በታች በአቃቂ፣ በገላንና በዱከም በኩል ያለው ጥቁር አፈር ጤፍና ሽምብራ ያበቅላል፤ ከመስመሩ በላይ ያለው ደጋ ደግሞ ገብስና ድንች ይወድዳል። አዲስ አበባ ራሷ የተቆረቆረችው የዳግማዊ ምኒልክና የእቴጌ ጣይቱ መንበር ከብርዳማው እንጦጦ ወርዶ በ1879 ዓ.ም. በፍል ውኃ አጠገብ በሰፈረ ጊዜ መሆኑ ሲታሰብ፣ የመልክዓ ምድሩና የሙቀቱ ጉዳይ ከከተማዋ ታሪክ ጋር አብሮ የተወለደ ነው ማለት ይቻላል።

እስከዚህ ያለውን ብዙ ሰው ያውቀዋል። የሚዘነጋው ሌሊት ላይ ይህ ሥርዓት የሚገለበጥ መሆኑ ነው። በበጋ፣ በተለይ በኅዳርና በታኅሣሥ፣ ሰማዩ ጥርት ብሎ ነፋሱ ጸጥ ባለበት ሌሊት መሬቱ ቀን የሰበሰበውን ሙቀት ወደ ሰማይ ይለቃል፤ በዚህ ከፍታ አየሩ ስስና ደረቅ ስለሆነ ሙቀቱን አስቀርቶ የሚመልስለት ነገር ጥቂት ነው። መሬቱ ሲቀዘቅዝ የሚነካውም አየር ይቀዘቅዛል፣ የቀዘቀዘውም ይከብዳል፤ የከበደው አየር በተዳፋቱ ላይ እንደ ውኃ ቁልቁል ይፈስስና በረባዳው፣ በሸለቆውና በሜዳው ላይ ይተኛል። ንጋት ላይ ቢለካ የጋራው ወገብ ከሥሩ ከተዘረጋው ሜዳ ሞቅ ብሎ ይገኛል። በቀን «ከፍ ያለ ቦታ ብርድ ነው» የሚለው እውነት በጠራ ሌሊት አይሠራም፤ ትንበያውን የሚያነብ ሰው ይህን ካላወቀ ቁጥሩን ይዞ ይሳሳታል።

ሱሉልታ በሁለቱም መንገድ የተጎዳ ቦታ ነው። ሜዳው ራሱ ከ2,500 ሜትር በላይ በመሆኑ ከፍታው አስቀድሞ አቀዝቅዞታል፤ በዚያ ላይ በደቡብ የእንጦጦ ሰንሰለት፣ በሌላውም ወገን ኮረብቶች ስለሚያዋስኑት ከየተዳፋቱ የወረደው ቀዝቃዛ አየር እዚያው ተከማችቶ ያድራል። የእንጦጦ ሰንሰለት የውኃ መለያ መሆኑ ይታወቃል፤ በደቡብ ገጹ የሚዘንበው ዝናብ በቀበናና በአቃቂ ወንዞች በኩል ወደ አዋሽ ሲወርድ፣ በሰሜን ገጹ የሚዘንበው በሙገር በኩል ወደ ዓባይ ይሄዳል። የሌሊቱም ብርድ የሚከፈለው በዚያው ጫፍ ላይ ነው። ወደ ደቡብ የወረደው ሰፊ ተዳፋትና ብዙ የወንዝ ሸለቆዎች ስላሉት መሄጃ አያጣም፤ ወደ ሰሜን የወረደው ግን ሜዳው ላይ ይቀራል። ሁለቱ ገጾች በአንድ የአስተዳደር መዋቅር ሥር አይደሉም፤ አንዱ በአዲስ አበባ፣ ሌላው በሸገር ከተማ ይተዳደራል። ምናልባት የሰሜኑ ገጽ ከአዲስ አበባ መስመርም ውጭ፣ የራሱም መስመር ሳይኖረው የቀረው በዚህ ምክንያት ሊሆን ይችላል።

አቃቂም ከዚህ ነጻ አይደለም። ሞቃት ነው የሚባለው በቀን ነው፤ እውነትም ነው። ይሁን እንጂ ከእንጦጦ ተነሥተው ከተማዋን የሚያቋርጡት ሸለቆዎች ሌሊት ቀዝቃዛውን አየር ወደ ደቡብ ስለሚመሩት፣ በቀን ከሁሉ የሚሞቀው ሜዳ በበጋ ንጋት ላይ ከበላዩ ካሉት አንዳንድ ሰፈሮች ሊቀዘቅዝ ይችላል። በወንዙ ዳር ሰላጣና ቆስጣ የሚያለሙ ሰዎች ይህን ከማንም በላይ ያውቁታል፤ ማለዳ ላይ ከቤታቸው ወጥተው ወደ ማሳው ሲወርዱ ብርዱ ከእግራቸው ጀምሮ እንደሚይዛቸው ይናገራሉ።

ልዩነቱ የሰፈርና የሰፈር ብቻ ሳይሆን በአንድ ማሳ ውስጥም የሚታይ ነው። በምኖርበት በለገጣፎ በኩል በመስኖ የተተከለ አንድ የድንች ማሳ አውቃለሁ። የማሳው ራስጌ ከመንገዱ፣ ግርጌው ከጅረቱ ይደርሳል፤ በሁለቱ መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት ከአንድ ሰው ቁመት ብዙም አይበልጥም። በአንድ የታኅሣሥ ማለዳ በግርጌው በኩል ያለው ቅጠል በሙሉ አመዳይ ለብሶ ነጭ ሆኖ አደረ። ፀሐይ ስታገኘው አመዳዩ ቀለጠ፣ ቅጠሉ ረጥቦ ለሰለሰ፣ ረፋዱ ላይ ደግሞ ጠቁሮ ተኛ። በራስጌው ያለው ግን ጤዛውን አራግፎ አረንጓዴ እንደሆነ ዋለ። የተመታውና ያልተመታው የሚለያዩበት ወሰን በማሳው ላይ አግድም በግልጽ ይታይ ነበር። የማሳው ባለቤት አባባ፣ ዕድሜያቸውን በዚያው መሬት ላይ የገፉ ሰው ናቸው፤ ወደ ጅረቱ በኩል በቅርቡ ወደተሠራው ረጅም የድንጋይ አጥር እያመለከቱ «ይኼ ግንብ ከቆመ ወዲህ ነው ልጄ፤ ድሮ ብርዱ አልፎ ይሄድ ነበር» አሉኝ። ትክክል ናቸው። ከላይ የወረደው ቀዝቃዛ አየር ወደ ጅረቱ ገብቶ እንዳይሄድ ግንቡ አገደው፤ መሄጃ ያጣውም አየር ማሳው ላይ አደረ። በተዳፋት ላይ አግድም ተጠቅጥቆ የተተከለ የባሕር ዛፍ ወይም የጥድ አጥርም ይህንኑ ያደርጋል። አጥሩ ከመሬት ጋር በሚገናኝበት በኩል ክፍተት ቢተውለት፣ የዛፉም ረድፍ በተዳፋቱ አቅጣጫ ቢተከል ወይም መካከሉ ቢከፈት ጉዳቱ ይቀንሳል። በከተማዋ ዙሪያ በየቀኑ አዲስ አጥር በሚቆምበት በዚህ ዘመን ይህን ለሚያጥረው ሰው የሚነግረው የለም፤ የሚነገርም ቢሆን ለውኃ ማሳለፊያ እንጂ ለብርድ ማሳለፊያ ማንም አያስብም።

ስለ ውርጭ ከተነሣ የመለኪያውም ነገር መነሣት አለበት። በሚቲዎሮሎጂ ጣቢያ የአየር ሙቀት የሚለካው በዓለም አቀፍ ደንብ መሠረት ከመሬት ከ1.25 እስከ 2 ሜትር ከፍታ ላይ፣ ነጭ ቀለም በተቀባና ነፋስ በሚያሳልፍ ሣጥን ውስጥ በተቀመጠ ቴርሞሜትር ነው። ይህ ተገቢ አሠራር ነው፤ ከጣቢያ ጣቢያ ለማነጻጸር የሚቻለውም በዚህ ነው። ሆኖም በጠራ ሌሊት ከሣሩ ጋር የተነካካው አየር በሣጥኑ ውስጥ ካለው አየር በበርካታ ዲግሪ ይቀዘቅዛል። ትንበያው «ዝቅተኛው 4 ዲግሪ» ሲል በድንቹ ቅጠል ላይ ከዜሮ በታች ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ገበሬው 4 የሚለውን አንብቦ ወይም በሬዲዮ ሰምቶ ተረጋግቶ ይተኛል፤ ጠዋት ምስሩ፣ ባቄላው ወይም ድንቹ ተመትቶ ያገኘዋል። በዚያች ሌሊት ውርጭ ሊጥል እንደሚችል አስቀድሞ ቢነገረው ቀን ላይ ማሳውን ሊያጠጣ ይችል ነበር፤ የረጠበ አፈር ከደረቀውና ከተሰነጣጠቀው አፈር ይልቅ በቀን የበለጠ ሙቀት አከማችቶ በሌሊት ቀስ እያለ ስለሚለቅ ጥቂት ዲግሪም ቢሆን ያተርፍለታል። ችግኝ ያለውም ሰው በገለባ ወይም በማዳበሪያ ሊሸፍን ይችል ነበር።

ወቅቱም የራሱ ድርሻ አለው። በሐምሌና በነሐሴ ደመናው ፀሐይን ስለሚከልል የቀኑ ከፍተኛ ሙቀት በመሀል አዲስ አበባ 20 ወይም 21 ዲግሪ ላይ ይቆማል፤ ያው ደመና ደግሞ ከመሬት የሚነሣውን ሙቀት ስለሚመልስ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ ብዙም አይወርድም። ከመስከረም በኋላ ደመናው ሲገፈፍ ቀኑ ይሞቃል፣ ሌሊቱ ይበርዳል፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ከቀትር በኋላ 23 ዲግሪ ገደማ የነበረው ንጋት ላይ ከ8 በታች ይወርዳል። «በጥቅምት አንድ አጥንት» የተባለው በከንቱ አይደለም። በጋው እየገፋ በመጋቢት የቀኑ ሙቀት 25 ዲግሪ አካባቢ ደርሶ ከዓመቱ ከፍተኛው ይሆናል። በክረምት ከፍታ ብቻውን ይገዛል፤ ከምዕራብና ከደቡብ ምዕራብ የሚመጣው እርጥብ አየር እንጦጦ ላይ ሲደርስ ወደ ላይ ተገፍቶ ስለሚቀዘቅዝ ጫፉ በጉም ተሸፍኖ ይውላል፣ ዝናቡም ከአቃቂ ሜዳ ይበረታል። በበጋ ግን ረባዳና ተዳፋት ይለያያሉ። ስለዚህ የዓምዱ አንድ መስመር በክረምት የሚያደርሰው ስሕተት ሊታገሡት የሚቻል ሲሆን፣ በበጋ የሚያደርሰው ግን ከባድ ነው፤ ጥያቄዬም በዋናነት ከጥቅምት እስከ ጥር ላሉት ወራት ነው።

የተዳፋቱ ፊትም መረሳት የለበትም። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለምትገኝ በታኅሣሥ ፀሐይ በቀትር ወደ ደቡብ ታዘነብላለች። በዚህ ጊዜ ወደ ደቡብ የሚመለከተው የእንጦጦ ገጽ፣ ከሽሮ ሜዳ እስከ የካ ያለው፣ ፀሐይን ፊት ለፊት ሲያገኝ፣ ወደ ሱሉልታ የሚመለከተው ገጽ ግን ገደል በበዛበት ቦታ ጠዋት ዘግይቶ ያገኛታል፣ ማታም ቀድሞ ያጣታል። በሰኔ ነገሩ ይገለበጣል፤ ነገር ግን ያኔ ደመና ስለሚበዛ ልዩነቱ ጎልቶ አይታይም። ቤት ለሚሠራ ሰው የሚጠቅመው የታኅሣሡ ነው፤ የመኝታ ቤት መስኮት ወደ ደቡብ ቢሆን በብርዱ ወራት ፀሐይ ትገባለት ነበር። አብዛኛው ቤት ግን መስኮቱን ወደ መንገድ ያደርጋል።

አስፋልት፣ ሲሚንቶና ቆርቆሮ የመሀል ከተማውን ሌሊት ከዙሪያው ሞቅ እንደሚያደርጉት ስለሚታወቅ ብዙ አልልም። የሚያሳስበኝ ሌላው ነው፤ መለኪያው በተገነባ አካባቢ ባለ ቁጥር፣ የዙሪያው ክፍት ሜዳ ከሚታተመው ቁጥር ይበልጥ እየራቀ መሄዱ አይቀርም።

ቀዝቃዛው አየር ከታች፣ ሞቃቱ ከላይ ሲሆን ጭስም ወደ ላይ መውጣት ያቅተዋል። ይህን ለማየት በኅዳር 12 ቀን ከተማዋ ስትታጠን ከእንጦጦ ተዳፋት ላይ ሆኖ ቁልቁል መመልከት ይበቃል። በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ከተባለው ወረርሽኝ ጀምሮ በየዓመቱ ቆሻሻ ሲቃጠል፣ ጭሱ ጥቂት ከፍ ብሎ ይቆምና በሸለቆዎቹ ላይ ተንጣልሎ ይቀራል፤ ከላይ ሰማዩ ጥርት ብሎ ይታያል፣ ከታች ያለው ሰው ይስላል። በሌሎቹም የበጋ ማለዳዎች የመኪናውና የማገዶው ጭስ እንዲሁ በዝቅተኛው ቦታ ላይ ተኝቶ ይቆያል፤ በሸለቆ ውስጥ የሚኖሩ ሕፃናትና አስም ያለባቸው ሰዎች የሚተነፍሱት እርሱን ነው።

ከዚህ የሚብሰው በቤት ውስጥ የሚሆነው ነው። ብርዱ ሳይታሰብ በበረታበት ሌሊት ሰው የከሰል ምድጃውን ከነፍሙ ወደ መኝታ ቤት አስገብቶ በርና መስኮት ይዘጋል። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም ስለሌለው የተኛ ሰው ሳይነቃ ይሞታል። በየዓመቱ በብርዱ ወራት ቤተሰብ ሙሉ በዚህ ሲያልቅ እንሰማለን፤ በተለይም አንድ ክፍል ቤት ተከራይተው በዙሪያው ከተሞች የሚኖሩ ወጣቶች። እንዲህ ያለው ሌሊት በየትኛው ሰፈር እንደሚበረታ አስቀድሞ መነገሩና ከትንበያው ጎን «ከሰል ወደ ቤት አታስገቡ» የሚል አንድ መስመር መታከሉ ነፍስ ያድናል ብዬ በሙሉ ልቤ አምናለሁ።

በመሆኑም ጋዜጣችሁ ከኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት ጋር ተነጋግሮ ለአዲስ አበባና ለዙሪያዋ ቢያንስ ሦስት መስመር እንዲሰጥ እጠይቃለሁ፤ አንዱ ከእንጦጦ በስተ ሰሜን ላለው ደጋ፣ ሁለተኛው ለመሀል ከተማው፣ ሦስተኛው ለአቃቂና ከእርሱ በታች ላለው ሜዳ። በየቦታው መለኪያ ባይኖር እንኳ ሰማዩ ጥርት፣ ነፋሱ ጸጥ የሚልበትን ሌሊት ባለሙያዎቹ አስቀድመው ስለሚያውቁት «በረባዳ ቦታዎች ውርጭ ሊጥል ይችላል» የሚለውን ማስጠንቀቂያ መጨመር ብዙ ወጪ የሚጠይቅ አይመስለኝም። ማስጠንቀቂያው በአማርኛና በኦሮምኛ ቢወጣ ደግሞ ከሁሉ ይልቅ ለሚያስፈልገው ገበሬ ይደርሳል።

እኔ የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። በዙሪያው ያሉ ትምህርት ቤቶች እያንዳንዳቸው አንድ ዝቅተኛና ከፍተኛ ሙቀት የሚመዘግብ ቴርሞሜትር ከግቢያቸው ጥላ ባለበት፣ ከግድግዳና ከቆርቆሮ ራቅ አድርገው ቢሰቅሉና ተማሪዎች ጠዋት ጠዋት ቢመዘግቡት፣ በአንድ በጋ ውስጥ የትኛው ሰፈር ከየትኛው እንደሚቀዘቅዝ የሚያሳይ መዝገብ ይገኛል። ይህ የጣቢያን መለኪያ የሚተካ አይደለም፤ ጣቢያ በሌለበት ቦታ ግን ከምንም ይሻላል። ዝግጅት ክፍሉ ፈቃደኛ ከሆነ የአመዘጋገቡን መመሪያ በአንድ ገጽ አዘጋጅቼ፣ ጥቅምት ከመግባቱ በፊት እንዲታተም ለመላክ ዝግጁ ነኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የጂኦግራፊ መምህር
ከለገጣፎ